ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ የተመለሰችው ተማሪ፦ ስለ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞችና ወረዳዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ስለነበሩ ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹን ስምና ማንነታቸውን ሊገልጥ የሚችለውን ዝርዝር አውጥተናል። መልሱን የጻፉልን በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ለረዥም ዓመታት ያገለገሉ አዋላጅ ነርስ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፤ 12ኛ ክፍል እማራለሁ። ቤተሰቦቼ ገጠር ስለሚኖሩ ደብረ ማርቆስ ላይ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው የምንኖረው። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ማታ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከጓደኛዬ ጋር ሳንጠነቀቅ ቀረን። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤት ገባሁ፤ ከፊቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ የአከራያችን ጎረቤት ናቸው። ተራዬ ሲደርስ አፌ እምቢ አለኝና ፓራሲታሞል ገዝቼ ወጣሁ። ፖስትፒሉን የዋጥኩት ሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ጓደኛዬ ከሌላ ሰፈር ገዝቶ ሲያመጣልኝ ነው። የወር አበባዬ አምስት ቀን ዘግይቶ መጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን መድኃኒቱ ማህፀኔን ጎድቶት ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ «ያው ማስወረድ ነው» ይሉኛል፤ ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ እንደምናገር ጨንቆኛል። ወደፊትስ ሰው ሳያየኝ የት ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ተራዋ ሲደርስ ፓራሲታሞል ገዝታ የወጣች ተማሪ አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። የማውቀው አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ወጣት ሴት መጥታ የራስ ምታት ኪኒን ከገዛች በኋላ መልሷን ተቀብላ እዚያው ቆማ ከቀረች፣ ሌላውን ደንበኛ አስተናግዶ ይሸኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሌላ የረሳሽው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃታል። ሁሉም ባለሙያ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ያንቺ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

በመጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር፤ በዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር እርሱ ነውና። እሑድ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ በቆምሽበት ጊዜ ያለፈው 12 ሰዓት ብቻ ነበር። ኪኒኑን ስትውጪ ግን 46 ሰዓት ሆኖት ነበር፤ ስለዚህ ያቺ ጎረቤት 34 ሰዓት ወሰዱብሽ ማለት ነው። ፖስትፒል በሚለው የገበያ ስሙ የምናውቀው መድኃኒት ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ሲሆን፣ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲወሰድ ይመከራል። በእነዚያ 72 ሰዓታት ውስጥም ቢሆን ቶሎ የወሰደችው ከዘገየችው የበለጠ ትጠቀማለች። ከ72 ሰዓት በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ጥቂት ሊረዳ ቢችልም ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። አንቺ በጊዜው ውስጥ ደርሰሻል።

ይህ የሆነበት ምክንያት የመድኃኒቱ አሠራር ነው። የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የሴቷ እንቁላል ግን ከወጣች በኋላ የምትቆየው አንድ ቀን ያህል ብቻ ነው። መድኃኒቱ የሚያደርገው እንቁላሏ እንዳትወጣ ማዘግየት ነው። ዘሩ ጠብቆ ጠብቆ የሚገናኘው ሳያገኝ ይሞታል። እንቁላሏ ቀድማ ከወጣች መድኃኒቱ እምብዛም አይጠቅምም፤ እርግዝና ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፣ ጽንሱንም አያስወርድም፣ አይጎዳውምም። እንግዲህ የጓደኞችሽ «ያው ማስወረድ ነው» ማለት ከመድኃኒቱ አሠራር ጋር አይገናኝም። ለንስሐ አባትሽ የምትነግሪው ያንቺና የእርሳቸው ጉዳይ ስለሆነ እኔ አልገባበትም፤ ብቻ የምትነግሪያቸው ነገር የተደረገው ይሁን፣ ያልተደረገውን በራስሽ ላይ አትጨምሪ።

ማህፀንሽን አልጎዳውም፤ ወደፊት ልጅ ከመውለድም አያግድሽም። የሚያስከትለው ነገር አላፊ ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የጡት መወጠር፣ አንዳንዴም ከወር አበባ ውጭ ጥቂት ደም መታየት ሊኖር ይችላል። የወር አበባ በጥቂት ቀናት መቅደሙ ወይም መዘግየቱም የታወቀ ነው፤ ያንቺ አምስት ቀን ከዚያው ውስጥ የሚቆጠር ነው። ከአንድ ሳምንት በላይ ቢዘገይ ወይም ከወትሮው እጅግ ያነሰ ሆኖ ቢመጣ ግን የሽንት ምርመራ ማድረግ ይገባል፤ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ይከላከላል እንጂ ሁልጊዜ አይከላከልም። ከዋጡ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ መድገም ያስፈልጋል። አንዳንዱ እሽግ 1.5 ሚሊግራም የሆነ አንድ ፍሬ ብቻ ይይዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ 0.75 ሚሊግራም የሆኑ ሁለት ፍሬዎች አሉት። ሁለቱን ፍሬዎች በአንድ ጊዜ መዋጥ ይቻላል፤ ሁለተኛውን ለ12 ሰዓት አስቀምጦ በመሐል ከመርሳት ይሻላል።

«ሰው ሳያየኝ የት ልሂድ?» ላልሽው፣ ሰው የማያይበት ቦታ በደብረ ማርቆስም በሌላም ከተማ አላገኝልሽም። ሰው አይቶ ምንም የማያውቅበት ቦታ ግን አለ፤ እርሱም ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒት ቤት የገባች ሴት ምን እንደገዛች ከኋላዋ የቆመው ይሰማል፤ ጤና ጣቢያ የገባችው ግን ለጉንፋን ይሁን ለወባ ማንም አያውቅም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፤ ብዙዎቹም ለወጣቶች ምቹ የሆነ አገልግሎት የሚሰጡበት የተለየ ክፍል አላቸው። የጋብቻ ወረቀት አይጠየቅም። «ባል አለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ካጋጠመሽ ጥያቄው የሕክምና ጥያቄ አለመሆኑን ዕወቂ፤ «የመጣሁት ለድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ነው» ብለሽ ድገሚለት። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 የተመሠረተው፣ ባሕር ዳር ክሊኒክ አለው፤ ቀድሞ ማሪ ስቶፕስ ይባል የነበረው ኤምኤስአይ ኢትዮጵያም በልዩ ልዩ የሀገሪቱ ከተሞች ክሊኒኮች አሉት። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ደግሞ በግቢው ክሊኒክ መጠየቅ ትችያለሽ። መድኃኒት ቤት መሄድ ግድ ከሆነብሽ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ወይም በስልክሽ ላይ ጽፈሽ ማሳየት ይበቃል፤ አንድም ቃል መናገር አያስፈልግሽም። ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥልሻል።

የእሑድ ነገር ግን ራሱን የቻለ ችግር መሆኑን ልሰውረው አልችልም። በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ፣ መድኃኒቱ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ከፊታችን ተደርድሮ እያየነው፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ተዝካር ሄዶ ስለነበር ዓርብ የመጣችን ልጅ ሰኞ ተመለሽ ብለናታል። ሰኞ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ፍሬ በማዋለጃ ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ለመድኩ፤ የማዋለጃ ክፍል ሌሊትም ሰንበትም አይዘጋምና። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶ ብታገኚ ተረኛ አዋላጇን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ዳንግላ ነው የምኖረው። ከእጮኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። ሌላ መከላከያ ስለማንጠቀም በወር ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም ፖስትፒል ገዝቼ እሰጣታለሁ። አሁን የወር አበባዋ ተዛብቷል፤ በወር ሁለት ጊዜ የሚመጣበት አለ። እኔም የሻጩ አስተያየት እያሳፈረኝ ነው። ጉዳት አለው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መድኃኒት ቤት የምትሄደው አንተ መሆንህን ወድጄዋለሁ፤ ብዙ ወንዶች ይህን ሸክም ለሴቷ ትተው ዘወር ይላሉ። ደጋግሞ መውሰድ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጉዳት ያመጣል የሚባለው ትክክል አይደለም። የወር አበባዋ የተዛባው ግን በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በየሳምንቱ ከፍተኛ መጠን ያለው ሆርሞን ሲገባ ሰውነት የወሩን ቀን መቁጠር ይሳነዋል። ደሙ ከበዛ ወይም ሆዷን ከቆረጣት ግን በዚሁ ሳታልፉት ትመርመር። ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ ድንገተኛ መከላከያ ከመደበኛዎቹ ያነሰ ኃይል ስላለው በወር አራት ጊዜ የሚወስደው ሰው አራት ጊዜ ዕድሉን እየሞከረ ነው። ከዋጠች በኋላ በነጋታው ለሚሆነው ግንኙነትም አይከላከልም፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው።

ለአራት ኪኒን የምታወጣው ገንዘብ ይቅርና፣ በነፃ የሚሰጠውን ተመልከቱ። የሦስት ወር መርፌ አለ፤ በክንድ ቆዳ ሥር ገብቶ እንደ ዓይነቱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት የሚያገለግል ኢምፕላንት አለ፤ በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል አለ፤ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕም አለ። አብራችሁ ሂዱ፤ ምርጫው ግን የእርሷ ይሁን፣ በእርሷ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ነውና። መርፌውን ካቆሙ በኋላ እርግዝና ለመምጣት ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ በቅርቡ ተጋብታችሁ ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ። ፖስትፒል በወሰደችበት ዕለት መደበኛውን መጀመር ትችላለች፤ እስከ ሰባት ቀን ግን በኮንዶም ተጠበቁ። ኮንዶም ሌሎቹ የማይችሉትን አንድ ነገር ያደርጋል፤ ከተዘረዘሩት ሁሉ ኤችአይቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን የሚከላከለው እርሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከቢቸና አካባቢ ነው የምጽፈው። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን የ16 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተደፍራ ነበር። ዘመዶቿ ነገሩን በሽምግልና ያዙት፤ ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ በኋላ ልጅቷ አርግዛ ተገኘች። እኔም የልጆች እናት ስለሆንኩ፣ እንዲህ ያለው በደረሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚኬደው ወዴት እንደሆነ ቢነግሩን።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን መጠየቅዎ ለሌላ ልጅ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሆስፒታል፣ ሆስፒታል ሩቅ ከሆነ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው፤ በዚያው ዕለት፣ ሌሊትም ቢሆን። ለሕክምናው የፖሊስ ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሽማግሌ ውሳኔማ ጭራሽ። ሽማግሌ በሚቀጥለው ወርም ይሰበሰባል፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም፤ ከተጀመረ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም በዚያው ጊዜ ይሰጣታል፤ የአባላዘር በሽታ ሕክምናና የጉበት በሽታ መከላከያ ክትባትም እንደሁኔታው ይታከላል። ልጅቷ ከመመርመሯ በፊት ባትታጠብ ጥሩ ነው፤ የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዝ፣ በፌስታል ከታፈነ ማስረጃው ይበላሻል። ታጥባ ከሆነ ግን «በቃ ዘገየ» ተብሎ ቤት መቅረት የለባትም። በአንዳንድ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሕክምናው፣ የሥነ ልቦና ድጋፉና የሕግ ጉዳዩ በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል ስላለ፣ ጤና ጣቢያው ወደዚያ እንዲልካችሁ ጠይቁ።

ጊዜው አልፎ እርግዝና ከተፈጠረም በር አልተዘጋም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝናው ከመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል ከተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ በሕክምና ባለሙያ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰች በመሆኗ ልጅ ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ላልተዘጋጀችም እንዲሁ። በአንቀጽ 552 መሠረት ተደፍሬ ነው ብላ መናገሯ ብቻ ይበቃል፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም። ይህን በሰፊው የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሥራ ዘመኔ እንዶድ ጠጥተው፣ ሌላም የማልጽፈውን አድርገው ደም እየፈሰሳቸው በቃሬዛ የመጡ ልጆችን ተቀብያለሁ፤ አብዛኞቹ ሕጉ የሚፈቅድላቸው ነበሩ። ማንም አልነገራቸውም።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ፖስትፒል ብወስድ ከዚህ መድኃኒት ጋር ይጋጫል?

መልስ፦ አይመርዝሽም፤ ነገር ግን ይደክምብሻል። ከነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግደው ስለሚያደርግ መደበኛው መጠን ላይበቃ ይችላል። አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ኤፋቪሬንዝም እንዲሁ ያደርጋሉ። በዚህ ጊዜ የሚመረጠው በአምስት ቀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ ሉፕ ነው። ሉፑ ሆርሞን ስለሌለው የነቀርሳው መድኃኒት አይነካውም፤ ከድንገተኛ መከላከያዎች ሁሉ ኃይለኛው ነው፣ ከመቶ ሴቶች ከ99 በላይ ለሆኑት ይሠራል፤ ከፈለግሽም ከአሥር ዓመት በላይ እንደ መደበኛ መከላከያ ያገለግልሻል። «ሉፕ ለወለደች ሴት ብቻ ነው» የሚባለው ስህተት ነው። የሚያስገባልሽ የሠለጠነ ባለሙያ ካልተገኘ የኪኒኑን መጠን በእጥፍ መስጠት ስላለ፣ የነቀርሳ ካርድሽን ይዘሽ ሂጂና ባለሙያው ይወስንልሽ። ለመደበኛ መከላከያ የሦስት ወሩ መርፌ ከሪፋምፒሲን ጋር ይስማማል፤ ኢምፕላንቱ ግን ሊደክም ይችላል። የነቀርሳውን መድኃኒት ግን በዚህ ምክንያት አንድ ቀንም እንዳታቋርጪ።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ከጤና ኬላችን እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ነው፤ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ጭራሽ አይታለፍም። ፖስትፒል ኬላው ላይ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በእጄ ያለው የየቀኑ እንክብል ብቻ ነው። ልጅቷን ዝም ብዬ ልመልሳት?

መልስ፦ አትመልሻት። እጅሽ ላይ ያለው እንክብል ራሱ፣ በትክክል ከተቆጠረ፣ እንደ ድንገተኛ መከላከያ ያገለግላል፤ ከፖስትፒል ያነሰ ኃይል አለው፣ ማቅለሽለሹም ይበዛል፣ ግን ከባዶ እጅ ይሻላል። መጀመሪያ እሽጉን አንብቢ። እያንዳንዱ ፍሬ 0.03 ሚሊግራም ኤቲኒል ኢስትራዲዮልና 0.15 ሚሊግራም ሌቮኖርጀስትሬል ያለው መሆን አለበት፤ ስሙ ወይም መጠኑ ከተለየ ይህ ቁጥር አይሠራም፣ ስልክ ደውለሽ ጤና ጣቢያውን ጠይቂ። ልክ ከሆነ አራት ፍሬ በአንድ ጊዜ ትውጣለች፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ አራት ትደግማለች። ይህም በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ምግብ ቀምሳ ትውሰደው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ያንኑ አራት ፍሬ ትደግማለች፤ ስለዚህ ስትሸኚያት ለትርፍ የሚሆን ስጪያት። ሁለተኛውን ዙር የምትውጥበትን ሰዓት አብራችሁ ቁጠሩት፤ ቀን 10 ሰዓት ላይ ከጀመረች ሁለተኛው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይውላልና፣ ከእናቷ ጋር የምትተኛ ልጅ ከሆነች ያን ጊዜ ተነሥታ ውሃ መቅዳት እንዳይቸግራት አስቢበት። አንድ ሰዓት ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አይጎዳም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከ28ቱ ፍሬ የመጨረሻዎቹ ሰባቱ፣ ቡናማዎቹ፣ ብረት ብቻ ናቸው፤ ምንም አይከላከሉም። የቆጠርሽላትን ነጮቹን ብቻ ከእሽጉ ቆርጠሽ፣ ቡናማዎቹን እጅሽ ላይ አስቀርተሽ ስጫት።